ወባ ያልሆነው

ጋምቤላ ውስጥ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ወባ ነው?» አዎ ካልክ አለቀ። ሁለተኛ የሚጠይቅህ የለም። ወንበር ይስቡልሃል፣ ውሃ ይቀዱልሃል፣ «አይዞህ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እዚህ አገር ወባ ያላንገላታው ሰው ስለሌለ ማንም አይንቅህም። እኔም መጠጥ ካቆምኩ በኋላ ይህችን ቃል ይዤ ኖርኩ። ላብ ሲያጠምቀኝ ወባ ነው። መፍቻ ከእጄ ሲወድቅ ወባ ነው። ደንበኛ እያወራኝ ድንገት ጥዬው ወደ ጓሮ ስሮጥም ወባ ነው።

ወባ አልነበረም። ፍርሃት ነው። ምን ፈርተህ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ መልሱን ባውቀውማ ግማሹ በቀለለልኝ። ከተማው ውስጥ ተኩስ የተሰማ ጊዜ፣ ሰው ሱቁን እየዘጋ ሲሯሯጥ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የፈታሁትን ፓምፕ እገጥም ነበር። ጎረቤቶቼ «ይሄ ሰውዬ ነገር አይገባውም እንዴ?» እያሉ ሲገረሙብኝ ሰምቻለሁ። የሚመጣብኝ ሌላ ጊዜ ነው። ምንም ባልተፈጠረበት ደህና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ፍየሏ ጥላ ፍለጋ መጥታ ሱቄ በር ላይ ስትተኛ። መጀመሪያ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ከዚያ ልቤ ይነሳል። ጉሮሮዬ ይጠባል፣ አየር አልገባ ይለኛል፣ እና አሁኑኑ፣ እዚሁ የሞተር ዘይት ላይ ተደፍቼ እንደምሞት እርግጠኛ እሆናለሁ። የምሞት ይመስለኛል ማለቴ አይደለም፤ እርግጠኛ እሆናለሁ። ሁልጊዜ እተርፋለሁ። መትረፌ ግን ለሚቀጥለው ምንም አይጠቅመኝም፤ በሚቀጥለውም ቀን እንደ አዲስ ነው የምሞተው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ጥገና ነው። ሱቄ ከገበያው ብዙም አይርቅም፤ መኖሪያዬ ከኋላው ነው፣ አንድ ክፍልና ጠባብ ጓሮ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ እዚህ በመጡ ሰሞን ስላለቁት ሰዎች ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሁሉንም የወሰዳቸው ወባ ነው ይላል። በረሃብ የሞተውንም፣ አገሩ ናፍቆት እህል እምቢ ብሎት የሞተውንም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ወባ ማለት ከቤት የወረስኩት ነው ብል አልዋሸሁም።

መጠጥ የጀመርኩት በጎረምሳነቴ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ጓደኛ ነው፣ ምናምን ነው እላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ የመጀመሪያዋን መለኪያ አረቄ የጠጣሁ ቀን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዝም አለ። ከዚያ በፊት ይጮህ እንደነበር እንኳን አላውቅም ነበር። ዝም እንዳለ እንዲቆይልኝ ስል ዓመታት ጠጣሁ። ያቆምኩት ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ጎሬ፣ እናቷ ቤት፣ ከገባች በኋላ ነው። ስታቆም ሰው ሁሉ ይመርቅሃል። ምን እንደሚከተልህ ግን የሚነግርህ የለም። ደሜን ደጋግሜ አስመረመርኩ፣ ወባ የለም። ልቤን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አስቀምጦ ሲያናግረኝ ቆየና «ጭንቀት ነው» አለኝ። «ድሮም ነበረብህ። አረቄው ሸፍኖት ነው የኖረው።»

«ታዲያ ሽፋኑን ለምን ገለጥነው?» አልኩት።

አልሳቀም። ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑ አንዳንድ ወር ይገኛል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ «ከአዲስ አበባ አልመጣም» ነው መልሱ። ጠበልም ሄጃለሁ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለዚያች ሰዓት ደህና ነበርኩ።

ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ጓሮ ውስጥ የውሃ በርሜል አለኝ። ሲመጣብኝ ፎጣ ነክሬ አንገቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ጀርባዬን ለበርሜሉ ሰጥቼ ሲሚንቶው ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ አንድ ሞተር እፈታለሁ። መጀመሪያ ካንዴላ፣ እሳት የምትጭረዋ። ቀጥሎ ካርብሬተር። ከዚያ የላይኛው ክዳን፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ ከዚያ ፒስተን። ሲያልቅ መልሼ እገጥመዋለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ ሞተር ይበቃኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የከተማውን ፓምፕ ሁሉ ፈትቼ እንኳን አይለቀኝም።

ከአጥሬ ወዲያ አረቄ የሚሸጡ ሴትዮ አሉ። እትዬ እላቸዋለሁ። ድሮ ዋና ደንበኛቸው ነበርኩ። ሳቆም «እኔን አክስረህ አንተ ልትጸድቅ ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሬ ስር ወድቀህ ብትለምነኝም አልሸጥልህም ብለው ማሉ። አንድ ቀን፣ አልቻልኩም፣ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመው «እኔ ቤት ለአንተ ያለው ውሃ ነው» አሉኝና በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ውሃውን ጠጥቼ ተመለስኩ። እሳቸው ይሄን ያህል ጥሩ ሰው ናቸው፤ የአረቄው ሽታ ግን አጥር አይከለክለውም፣ ንፋስ በዞረ ቁጥር ቤቴ ይገባል።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሚስቴ ደወለች። ሚስቴ የምላት ስላልተፋታን ነው፤ አብረንም አይደለንም። «ልጅህ አባዬ ጋ ካልከረምኩ እያለች እየነዘነዘችኝ ነው» አለች። ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። «ይሄን ክረምት አንተ ጋ ትክረም። ደህና ከከረማችሁ በየዓመቱ ትመጣለች። አንድ ነገር ከተበላሸ ግን አባትነትህ በስልክ ይሆናል፣ አልኩህ።» ሁለት ነገር አስማለችኝ። አንዱ መጠጥ ነው። ሌላው ወባ። ልጅቷ የጎሬ ብርድ ላይ ያደገች ናት፣ ሰውነቷ ወባን አያውቀውም፤ አጎበር ውስጥ ትተኛ፣ ትንሽ ትኩሳት ካየህባት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ይዘሃት ሂድ አለችኝ። ሁለቱንም ማልኩ። ስለ ሦስተኛው ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራት ልጄን አትልክልኝማ።

መናኸሪያ ስቀበላት ሹራብ ለብሳ ወረደች፣ በዚህ ሙቀት። «አውልቂው እንጂ ልጄ» ብላት «እማዬ እንዳታወልቂ ብላኛለች» አለች። በባጃጅ ቤት እስክንደርስ ድረስ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እሷ እቴ፣ አንገቷን አውጥታ ከተማውን ታያለች። ሦስተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነበር። አፏ አያርፍም። ባሮ ዳር ወሰድኳት፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ልጆች ዳር ዳሩን ሲዋኙ አይታ እኔም ካልገባሁ ብላ አስቸገረችኝ። የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ አፏን አዘጋሁት። ሱቅ ስውል አብራኝ ትውላለች፤ የመፍቻዎቹን ቁጥር በቀናት ውስጥ ለየች፣ ደንበኞቼ ከእኔ ይልቅ እሷን እየጠየቁ መሳቅ ጀመሩ። ከፑኝዶ ፓምፕ ጭኖ የሚመጣ አንድ ነጋዴማ «ዋናዋ መካኒክ የለችም?» እያለ ነው የሚገባው። እኔ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነበር።

ግን ፍርሃቱ እንግዳ መጣ ብሎ አይቀርም። አንድ ከሰዓት በኋላ እጄ ላይ ጀመረኝ። ሳትሰማኝ ወደ ጓሮ ሾልኬ፣ ፎጣዬን ነክሬ፣ በርሜሉን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ ቆማለች።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

አፌ ላይ የነበረው ቃል ወጣ። «ወባ ነው ልጄ።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት አንሄድም?» እናቷ አስጠንታታለች።

«እኛ የጋምቤላ ሰዎች ለምደነዋል» አልኳት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የማወራው። «ቁጭ ብለን፣ ፎጣ ነክረን እናሳልፈዋለን። አሁን ያልፋል።»

አለፈ። ባያልፍ ኖሮ ይሻል ነበር። እዚያው ቁጢጥ ብላ ስታየኝ ቆይታ፣ ላቤ ሲደርቅና ስነሳ አየች። አባቷ የነገራት ነገር በዓይኗ እውነት ሆነ።

«እኔስ የጋምቤላ ሰው ነኝ?» አለችኝ።

«አንቺማ የጎሬ ሰው ነሽ» ብዬ ቀለድኩባት። «የለመድሽው ብርድ ነው።»

አኮረፈች። ራት እስክንበላ አላናገረችኝም። የልጅ ኩርፊያ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ሲይዘኝ ፎጣውን የምትነክረው እሷ ሆነች። ከጎኔ ትቀመጣለች፣ እግሯን ከእግሬ አጠገብ ትዘረጋለች። በልቤ ምን እንደማደርግ ጠይቃኝ ሞተር እንደምፈታ ስነግራት፣ ጮክ ብለህ ፍታው አለችኝ። ከዚያ እሷ ጠሪ፣ እኔ ፈቺ ሆንን። «ካንዴላ» ትላለች። «ወጣ» እላለሁ። «ካርብሬተር።» «ወጣ።» «ቴስታታ።» «ወጣ።» ስሳሳት ትቆጣኛለች። እውነት እላችኋለሁ፣ መጠጥ ከተውኩ ጀምሮ ፍርሃቱ ቶሎ ይለቀኝ የነበረው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅማ። ደስ አለኝ። ልጄ በውሸት ላይ ተቀምጣ እየረዳችኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ፣ ትንኙም በዛ። ክኒኑ የጠፋበት ወር ነበር፣ የእኔም ባሰብኝ። አሁን ሳስበው ልጄ ያኔ ምግብ መተው ጀምራ ነበር። «ሙቀቱ ነው» ትላለች፣ አምናታለሁ። ወሬዋ ቀንሷል፤ አገሩን ለመደችው እላለሁ። ማታ ማታ አጎበሩን እየጎተትኩ ፍራሹ ስር እወትፍላታለሁ፣ የእናቷን ትእዛዝ ፈጸምኩ ብዬ እተኛለሁ። ግንባሯን ያልዳሰስኩት ለምን ነበር? ቀኑን ሙሉ የራሴን ልብ ነበር የማዳምጠው። አሁን ፈጠነ፣ አሁን ዘለለ፣ አሁን ቆመ እያልኩ። የሌላ ሰው ሕመም በየት በኩል ይሰማኝ።

አንድ ቀን የአንድ ሆቴል ፓምፕ ተበላሽቶ እዚያ ስሠራ አረፈድኩ። ልጄን እትዬ ጋ ትቻት ነበር የሄድኩት። ከምሳ በኋላ ስመለስ እትዬ «እንቅልፌ መጣ ብላ ወደ ቤት ገባች» አሉኝ። ቤት ገባሁ፣ አልጋው ባዶ ነው። ጓሮ ወጣሁ።

በርሜሉን ተደግፋ ተቀምጣለች። ያንን የጎሬ ሹራብ ለብሳለች። ፎጣዬን ነክራ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች፣ ውሃው ሹራቧን አበስብሶ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል ሰማኋት። «ካንዴላ… ወጣ። ካርብሬተር… ወጣ።» ሁለቱንም ራሷ ነው የምትለው። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ነካኋት። የምድጃ ያህል ትግላለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ዓይኗን በግማሽ ገለጠች። «ወባ ነው» አለችኝ። «አሁን ያልፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትወስደኛለች። እኔም የጋምቤላ ሰው ነኝ፣ አሳልፈዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሞተሯ ተመለሰች።

እንዴት እንዳነሳኋት አላስታውስም። እትዬ ጩኸቴን ሰምተው መንገድ ላይ ወጥተው ባጃጅ አስቁመው ነበር። ሆስፒታል እስክንደርስ፣ ጣቷን ወግተው ደሟን መመርመሪያው ላይ እስኪያደርጉ፣ ሁለት መስመር እስኪወጣና ሰው መሯሯጥ እስኪጀምር ድረስ እጄ ሳይንቀጠቀጥ ቆየ። ያ የተኩሱ ጊዜ እርጋታዬ መጣ። «ስንት ቀን አቆይታችኋት ነው?» ብላ ነርሷ ጠየቀች። «አላውቅም» አልኩ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግማ አልጠየቀችም። መርፌውን ወጓት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ለሚስቴ ደወልኩ። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል፣ መኪና እንዳገኘሁ እመጣለሁ አለችና ዘጋችው። ስለዚያች ሌሊት አላወራም። ልጄ አንድ ጊዜ አይታኝ ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም። ይበቃል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቷ ወረደ። ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ «ሹራቤ የት ነው?» አለች። እትዬ በሳህን ምሳ ይዘው መጥተው «ተመስገን» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ መጣብኝ። መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ግድግዳው ወደ እኔ የቀረበ መሰለኝ፣ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በርሜል የለ፣ ፎጣ የለ። ካንዴላ ብዬ ጀመርኩ፤ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ስንት ዘመን ከሠራሁበት ሞተር ሁለተኛው ዕቃ ጠፋኝ።

እትዬ አጎነበሱና አዩኝ። ከዚያ ዘንቢላቸውን ከፍተው ትንሽ የውሃ ጠርሙስ አወጡ። ውሃ አልነበረም። «የማልኩትን ማልኩ» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ግን እንዲህ ስትሆን ማየት አልቻልኩም። እንደ መድኃኒት አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው። ለልጅህ ስትል።» እያለቀሱ ነው የሚሰጡኝ። ተቀበልኩ። ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ፣ ሳልቀምሰው፣ ትከሻዬ ወረደ። አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ዝም ይላል።

«ሲስተር» አለች ልጄ ከአልጋው ላይ። ድምጿ ቀጭን ሆኗል። «አባዬንም ወባ ይዞታል። ሁልጊዜ ነው የሚይዘው። የእሱ ከእኔ ይብሳል፣ ለእሱም መርፌ ስጡት።»

ነርሷ መጣች። እኔን አየችኝ፣ ላቤን አየች። «እስቲ እጅዎን ይስጡኝ አባት» አለችኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ በምን አፌ። ግራ እጄን ሰጠኋት፤ ጠርሙሱ በቀኜ ነው። ወጋችኝ፣ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች። ልጄ እኔ ልያዘው ብላ መመርመሪያውን ተቀበለቻት። የእሷ ሁለት መስመር እንደነበረው ነግረዋታል። ትራሷ ላይ ሆና አተኩራ ጠበቀች። ጠበቅን።

«አንድ ብቻ ነው የወጣው» አለች።

«የእሱ ወባ አይደለም ማለት ነው የኔ ቆንጆ» አለቻት ነርሷና ሌላ በሽተኛ ጠርቷት ሄደች።

ልጄ መመርመሪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና አየችው። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ፍርሃት ነው» አልኳት።

«ምን ፈርተህ?»

«አላውቅም።»

አሰበች። «የእኔ ግን ወባ ነበር።»

«አዎ ልጄ። ያንቺ ወባ ነበር።»

«በፎጣ አያልፍም ነበር?»

«አያልፍም ነበር» አልኳትና አለቀስኩ። ሰው ባለበት፣ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እትዬ ጠርሙሱን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። ወደ መስኮቱ ዞሩና ራሳቸው ጨለጡት። ልጄ ባትናገር ኖሮ እጠጣው ነበር ወይ? እጠጣው ነበር። እዚህ ላይ የምቀባባው ነገር የለም።

ሚስቴ በማግስቱ በጭቃ የተለወሰ ጫማ አድርጋ ደረሰች። መጀመሪያ ልጇን አገላብጣ አየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ መልሳ አንዱን። የድሮ ልማዷ ነው፤ ስትስም ታሸታለች። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ማታ ቤት ስገባ እንዲህ ነበር የምትመረምረኝ። ሦስተኛውን ስማ ቀና አለች።

«አልጠጣህም» አለችኝ።

«አልጠጣሁም።»

ፊቷ ላይ ከስንት ዓመት በኋላ ያየሁት ነገር ነበር። ላምንህ እችል ይሆናል የሚል ፊት። ያን ፊት አንድ ጊዜ ለማየት ነበር ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሞትኩት።

«እማዬ» አለች ልጃችን፣ ምሥራች እንደምትናገር ሆና፣ «አባዬ እኮ ወባ የለበትም። መርምረውታል። ወባ ነው ሲለኝ የነበረው ፍርሃት ነው። ሲይዘው በርሜል ስር እንቀመጣለን። እኔም እንደሱ አሳልፈዋለሁ ብዬ ነው ያልነገርኩት።»

ሚስቴ ሁሉንም እስክትጨርስ ሰማቻት፣ ግንባሯን ዳበሰቻት፣ ከዚያ በዓይኗ ጠቅሳ ኮሪደር ላይ አወጣችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«መጠጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «መጠጥ ይሸታል። ይሄንን በምን አውቀዋለሁ?»

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የሚያንገበግበኝ። የመጠጡን መሐላ ጠብቄ፣ ባልነገርኳት ነገር ልጄን አጣሁ።

ከሆስፒታል ስትወጣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ልጄ ከስታለች፣ ሹራቡ ሰፍቷታል። አውቶቡሱ ውስጥ ሳስቀምጣት «በሚቀጥለው ክረምት ስመጣ ፎጣው እንዲኖር፣ እንዳትጥለው» አለችኝ። እናቷን አየኋት። በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። «አልጥለውም» አልኳት።

አባትነቴ በስልክ ሆነ። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስትመለስ በእናቷ ስልክ ትደውላለች። ሰላምታ የላትም። «ያ ወባ ያልሆነው መጣ?» ትለኛለች። ስሙን እንደዚያ ብላዋለች። አልመጣም ካልኳት ስለ ትምህርቷ ታወራኛለች። መጣ ካልኳት «ካንዴላ» ትላለች። «ወጣ» እላለሁ። «ካርብሬተር።» «ወጣ።» ከኋላ እናቷ ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል። አንዳንድ ጊዜ ማጠቡን ታቆማለች፤ ስልኩን ግን ነጥቃት አታውቅም። ስለሚቀጥለው ክረምት ማናችንም አንስተን አናውቅም።

ትናንት ኔትወርክ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መጣብኝ፣ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ በርሜሉ ስር ተቀመጥኩ። ካንዴላውን ፈታሁ። ካርብሬተሩንም ፈታሁ። ቴስታታው ላይ ስደርስ የሚጠራልኝ ድምፅ ጠበቅኩ፤ የለም፤ ቀጣዩ ዕቃ እዚያው ጠፋብኝ። ንፋሱ በእትዬ በኩል ዞሮ ሽታውን አመጣው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ በራቸው ክፍት ነበር፤ እሳቸውም አልነበሩም፤ የቀጠሯት ሠራተኛ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ስለ እኔ የምታውቀው ነገር የለም። ተነሳሁ። ፎጣውን እንደገና ነክሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ከካንዴላው ጀመርኩ።